ምዕራፍ አምስት፦ ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

ቢል የበዛበት ቤት መጀመሪያ የሚነሣው በአምፖል ላይ ነው። አባወራው ሳሎን ተቀምጦ «የመኝታ ቤቱን መብራት ማን ነው ሳያጠፋ የወጣው?» ይላል። ልጅ ሮጣ ታጠፋለች። ማዕድ ቤት ውስጥ ግን ምጣዱ እስኪግል ድረስ ሩብ ሰዓት ባዶውን ይበራል፣ የሚቆጣውም የለም። ያ አምፖል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከሆነ፣ ምጣዱ ሊጥ ሳይነካው በዚያ ሩብ ሰዓት የበላውን ለመብላት አራት ቀንና አራት ሌሊት ሳይጠፋ መቆየት ይኖርበታል።

አምፖል ላይ መቆጣት ከሌላ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በክር አምፖል ጊዜ አንዱ አምፖል ብቻ 60 ወይም 100 ዋት ይስብ ነበር፤ በብዙ ቤትም ከአምፖል፣ ከሬዲዮና ከካውያ ሌላ ይህ ነው የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ አልነበረም። ዛሬ አምስት ክፍል የሚያበሩ አምስት ኤልኢዲዎች ተደምረው ያንን አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል አያህሉም። ስለዚህ የወር ፍጆታውን መገመት የፈለገ ሰው ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አውርዶ ሙቀት የሚሠሩትን ዕቃዎች ይመልከት፦ ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ቦይለሩን፣ ውሃ ማፍያውን፣ ካውያውን። በአብዛኛው ቤት ከእነዚህ ውጭ ያለው፣ ከፍሪጅ በቀር፣ ትርፍራፊ ነው።

ዋትና ሰዓት

ዋት ማለት ዕቃው በዚህች ቅጽበት የሚስበው መጠን ነው። ቆጣሪው ግን የሚመዘግበው ቅጽበትን ሳይሆን የተጠራቀመውን ነው፤ መለኪያውም ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 1000 ዋት ምድጃ አንድ ሰዓት ሲበራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠራል። ባለ 100 ዋት ዕቃም አሥር ሰዓት ቢበራ ያው አንድ ይቆጠራል። ሒሳቡ ከዚህ አያልፍም፤ ዋቱን በሰዓቱ አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው።

ስህተት የሚመጣው ከማባዛቱ ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። ፍሪጅ ከጀርባው 150 ዋት የሚል ጽሑፍ ቢኖረው፣ ሃያ አራት ሰዓት ሶኬት ላይ ስለሆነ በ24 ከዚያም በ30 አባዝቶ «በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት» የሚል ሰው አለ። ይህ ትክክል አይደለም። ፍሪጁ ሞተሩን እያስነሣ እያጠፋ ነው የሚሠራው፤ ሲነሣ የሚሰማውን እርርታ ያስተዋለ ከሚሠራበት ጊዜ የሚያርፍበት እንደሚበልጥ ያውቃል። ደህና ይዞታ ላይ ያለ መካከለኛ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በወር 30 ማለት ነው። የበሩ ላስቲክ ያረጀበት፣ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ወይም ድሬዳዋና ጋምቤላን በመሰለ ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ፍሪጅ ከዚህ ብዙ ሊያልፍ ይችላል። ካውያና ቦይለርም እንደዚሁ ናቸው፤ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ያቋርጣሉ። ስለዚህ ሶኬት ላይ የቆዩበት ሰዓት የሳቡበት ሰዓት አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ጠፉ ሲባሉ የማይጠፉ አሉ። በሪሞት ብቻ የተዘጋ የዲሽ ሪሲቨር ቀይ መብራቱን አብርቶ 10 ዋት ቢስብ፣ በወር ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም አምስቱ አምፖሎች በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ ከሚፈጁት ድምር ጋር ይስተካከላል። ሶኬቱን መንቀል ምንም አይጠይቅም። ሆኖም ቢሉ በዚህ በግማሽ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ይከፋዋል።

ምጣዱ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ከሥሩ ቦይ ቦይ ተደርጎ ይሠራል። በቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ ይዘረጋና በጀሶ ይደፈናል፤ ከዚያ በላሜራ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሸክላ ሙቀት ቶሎ የሚያሳልፍ ነገር አይደለም፤ ከሽቦው የተነሣው ሙቀት እስከ ላይኛው ገጽ ደርሶ ማሰሻው ሲነካው እስኪያጨስ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ይፈስሳል፣ ዓይኑ ይወጣል፣ አክንባሎው ይደፋል፣ እንጀራው በሰፌድ ይነሣል። ሸክላው እስኪያገግም የሚጠበቀው ጊዜ ተጨምሮ አንዱ እንጀራ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል እንበል።

የተለመደው ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው፤ 4000 የሚደርስም አለ። በ3500 እናስላ። ለማጋል ሩብ ሰዓት 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሦስት ደቂቃ የሚወስድ አንድ እንጀራ ደግሞ 0.175። አሥር እንጀራ ብቻ ጋግሮ ያጠፋ ሰው በጠቅላላው 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ከፍሏል፤ ለአንዱ እንጀራ 0.26 ይደርሳል። አርባ በአንድ ጊዜ የጋገረ 7.9 ገደማ ፈጅቶ ለአንዱ 0.2 ብቻ ያወጣል። ያው አርባ እንጀራ በአራት ቀን አሥር አሥር እየተደረገ ቢጋገር 10.5 ይሆን ነበር። በሌላ አነጋገር የማጋያው ወጪ አንድ ጊዜ የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ ነውና በብዙ እንጀራ ላይ ሲከፋፈል ይቀላል። እንጀራን ሻጋታ ስለማይምር ይህ ቁጠባ ድንበር አለው። ለአምስት ሰው ቤት በሳምንት ሁለቴ ሠላሳ ሠላሳ መጋገር ሚዛናዊ ይመስለኛል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ማብሪያውን ዘግቶ በተረፈው ሙቀት ማውጣት የቆየ ዘዴ ነው፤ ስሌቱም ይደግፈዋል።

እዚህ ላይ ለአፍታ ከቤት እንውጣ። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ የኃይል ማመንጫ አቅሙ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። ይህን ለ3.5 ኪሎዋት ብናካፍለው፣ ቆቃ ሙሉ ኃይሉን ቢያወጣ እንኳ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 12 ሺህ ምጣድ ገደማ ብቻ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት ይባላል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ተኩል ለሚጠጋ ምጣድ ነው። በበዓል ዋዜማ ከተማው በሙሉ አንድ ሰዓት ላይ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ለምን እንደሚያቃስት ከዚህ ይገባል። ትራንስፎርመሩና የሰፈሩ ሽቦ ደግሞ ከግድቡ ቀድመው ይደክማሉ።

መስመሩ ሲደክም ቤት ውስጥ የሚታየው ምልክት «ዛሬ ምጣዱ አልግል አለ» የሚለው ነው። የሽቦ ማሞቂያ የሚስበው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይወርዳል። 220 የነበረው ቮልት ወደ 190 ቢወርድ ቮልቱ የቀነሰው 14 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ባለ 3500 ዋቱ ምጣድ ወደ 2600 ዋት ይወርዳል፤ ሩቡን አጣ ማለት ነው። ዋቱ ስለቀነሰ ቢሉም ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ አይቀንስም። እንጀራው እስኪበስል የሚያስፈልገው ሙቀት ያው ስለሆነ ሰዓቱ ይረዝማል፤ በረዘመው ሰዓት ሁሉ ሙቀት በሣጥኑ ጎንና በሥሩ ይባክናል። ኃይል በደከመበት ማታ የተጋገረ እንጀራ ከወትሮው ትንሽ ይወደዳል እንጂ አይረክስም።

ሌላም አለ። ምጣድ ሲበላሽ ጠጋኙ የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ የቀረውን ስቦ ያያይዘዋል። ባለቤቱ «ከድሮው የተሻለ ያግላል» ብሎ ደስ ይለዋል፤ እውነቱንም ነው። ያጠረ ሽቦ ተቃውሞው ያንሳል፣ የሚስበው ይበዛል። ሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 3500 የነበረው 3900 ይጠጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠገነ ምጣድ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከምጣዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ብሬከሩ ደጋግሞ መውደቅ ከጀመረ፣ ወይም የሶኬቱ ፕላስቲክ ጠቁሮ ከተገኘ፣ ጉዳዩ ከቢል አልፎ የእሳት አደጋ ሆኗል።

ቀዩ ብልጭታ

ታዲያ ጽሑፍ የሌለው ወይም ጽሑፉ የማይታመን ዕቃ ምን ያህል እንደሚስብ በምን ይታወቃል? መሣሪያው በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ አለ። የዛሬ ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አላቸው። በአጠገቧ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 1000 ወይም 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ መብራቷ ስንት ጊዜ ስትበልጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ይናገራል።

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ፣ የሚለካውን ዕቃ ብቻ ያብሩ፣ የስልክዎን ሰዓት ይዘው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደበለጨች ይቁጠሩ። የቆጠሩትን በ60 አባዝተው በቆጣሪው ላይ ላለው ቁጥር ሲያካፍሉ ዕቃው የሚስበው ኪሎዋት ይወጣል። ቁጥሩ 1600 በሆነ ቆጣሪ ላይ ምጣዱ በደቂቃ 93 ጊዜ ካስበለጨ ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው። ኃይል በደከመበት ማታ ያው ምጣድ 70 ጊዜ ብቻ ያስበልጫል። ውሃ ማፍያው 48 ጊዜ ካስበለጨ 1.8 ኪሎዋት ነው። ፍሪጅ ብቻውን ሲሆን በደቂቃ ከሦስትና ከአራት ብልጭታ ስለማያልፍ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መቁጠር ይሻላል፤ ሞተሩ እያረፈ ባለበት ሰዓት ከገጠመዎት ደግሞ ምንም አያዩም። መሐሉ ላይ ዲስክ የሚሽከረከርበት አሮጌ ቆጣሪ ያለው ሰውም በብልጭታው ፈንታ ዙሩን ቆጥሮ በዚያው መንገድ ያሰላል።

ለምጣድና ለቦይለር ከዚህም የቀለለ ዘዴ አለ። ጋገራው ከመጀመሩ በፊት ቆጣሪውን ማንበብ፣ ሲያልቅ ደግሞ ማንበብ ነው። ልዩነቱ የጋገራው ዋጋ ነው፤ ዋት ማወቅም ሰዓት መያዝም አያስፈልግም። ያን ዕለት ምድጃው አብሮ እንዳይበራ ብቻ ማስጠንቀቅ ነው።

የአንድ ቤት ወር

አምስት ሰው የሚኖርበት አንድ ቤት ለስሌት እንፍጠር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ እንጀራ ይጋገራል፤ አንዱ ጋገራ 6.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነውና በወር 53 ይሆናል። ወጥ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ከፍ ዝቅ እየተደረገ በአማካይ 1000 ዋት ቢስብና በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ በወር 45 ይመጣል። ሽሮ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ግን ብቻውን ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በዓል ያለበት ወር ቢል ከፍ ቢል አይገርምም።

ውሃ ማፍያው በቀን ሦስት ጊዜ ይጣዳል። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 0.13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ከብክነቱ ጋር 0.15 እንበለው፤ በወር 14 ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከእኩል ሙቀት ቢነሡ የአዲስ አበባ ሻይ ውሃ ቆላ ላይ ከሚፈላው በጥቂቱ ይረክሳል። ክኩና ባቄላው ግን በዝቅተኛው ሙቀት የተነሣ ቶሎ አልበስል ብሎ ያንን ቁጠባ ያስመልሳል።

ፍሪጁ 30። ቴሌቪዥኑ 60 ዋት ሆኖ በቀን አምስት ሰዓት ቢታይ 9፣ ከጎኑ ያለው ሪሲቨር 7። አምስቱ አምፖሎች አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ 7። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጣው ካውያ 3። ስልኮቹ ሁሉ ተደምረው 2። ድምሩ 170 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ውሃ ማፍያና ካውያ ብቻቸውን 115 ይዘዋል፤ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ በላይ ነው። አባወራው የሚቆጣባቸው አምፖሎች ድርሻ ከመቶ አራት ነው። ስልክ «ቻርጅ አታድርጊ፣ ቢል ይበዛል» የሚባለውስ? መልሱ ከዚህ ዝርዝር ግርጌ ላይ አለ።

አሁን ይህ ቤት ቦይለር አስገባ እንበል። አንድ ሰው ለመታጠብ 25 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ቢፈልግ፣ ያንን ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ማድረስ 0.64 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በቀን በአማካይ ሦስት ሰው ቢታጠብ ሁለት ገደማ ይሆናል። ቦይለሩ ቀንም ሌሊትም ሶኬት ላይ ከዋለ፣ ማንም ሳይነካው በቆርቆሮው በኩል የሚያጣውን ሙቀት ለመተካት ሌላ አንድ ያህል ይጨምራል። በቀን ሦስት፣ በወር 90 ማለት ነው። አንድ ዕቃ ገብቶ 170 የነበረው 260 ሆነ። ከዘጠናው ውስጥ ሠላሳው ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት የባከነ ነው። ከመታጠቢያው ሰዓት ቀድሞ አብርቶ ወዲያው ማጥፋት አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ «ማብራት ማጥፋቱ የበለጠ ይፈጃል» የሚባለው ወሬ ለቦይለር አይሠራም።

ወደ ብር

እስካሁን ብር ያልጠቀስሁት ሆን ብዬ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን የሚወስነው ምጣዱ ነው፤ አይለወጥም። ብሩ ግን ይለወጣል። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሳይነካ የቆየው የአገራችን ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በደረጃ እንዲጨምር ተደረገ። ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ወዲህ ደግሞ ጭማሪው በየሦስት ወሩ ሆኗል። ዛሬ እዚህ የማትመው ዋጋ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሳይደርስ ያረጃል። የማይለወጠው የታሪፉ ጠባይ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። በ2011 የተጀመረው ማሻሻያ ሲጠናቀቅ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል፣ ከ500 በላይ ያለው ዋጋ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደርሶ ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ከተወሰነ ፍጆታ በላይም ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል።

ደረጃው ምን እንደሚያደርግ ለማየት፣ ለማስላት እንዲቀለን ብቻ የፈጠርነውን ዋጋ እንውሰድ፦ የመጀመሪያው 100 ኪሎዋት ሰዓት በ2 ብር፣ ቀጣዩ 100 በ4 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ6 ብር። ቦይለር የሌለው ቤት ለ170 ኪሎዋት ሰዓት 200 እና 280፣ በድምሩ 480 ብር ይከፍላል። ቦይለር ገብቶ 260 ሲሆን 200፣ 400 እና 360፤ 960 ብር። ፍጆታው በግማሽ ገደማ ጨመረ፣ ቢሉ ግን እጥፍ ሆነ። ቦይለሩ ብቻውን የቀረውን ቤት ሁሉ ያህል አስከፈለ ማለት ነው። ብዙ ሰው የተከፈለውን ብር በኪሎዋት ሰዓቱ አካፍሎ «አንዱ ይህን ያህል ወጣልኝ» ይልና የቁጠባውን ትርፍ በዚያ ይገምታል። ያ አማካይ ነው። የምንቀንሰው ግን ሁልጊዜ ከላይኛው ደረጃ፣ ከውዱ በኩል ነው። በምሳሌያችን የባከነችው የቦይለሩ ሠላሳ ኪሎዋት ሰዓት በአማካዩ 111 ብር ትመስላለች፤ እውነተኛ ዋጋዋ 180 ነው።

የደረጃ ታሪፍ ሌላም መልክ ሊኖረው ይችላል። ደረጃውን ሲያልፉ ትርፉ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ፍጆታ በአዲሱ ዋጋ የሚሰላበት አሠራር አለ። በእርስዎ ቢል ላይ የትኛው እንደሠራ ለማወቅ ቢሉን ራሱን ማየት ነው። ፍጆታው በበርካታ መስመር ተከፋፍሎ ከሆነ የመጀመሪያው ነው፤ በአንድ ዋጋ ብቻ ተባዝቶ ከሆነ ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ሥር ደረጃውን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መዝለል እንኳ ቢሉን በአንዴ ያስፈነጥረዋል።

የካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ይህን ነገር የሚያውቀው በብሶት ነው። በወሩ መጀመሪያ 500 ብር ሞልቶ 175 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል፤ በዚያው ወር ሁለተኛ ጊዜ 500 ሲሞላ 92 ገደማ ብቻ ይገባለታል። ካርዱ ያጭበረበረው ይመስለዋል። በፈጠርነው ዋጋ ብናሰላው ርካሹን ደረጃ በመጀመሪያው ሙሊት ጨርሶታል፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የጋራ ቆጣሪ

ደረጃው ክፉኛ የሚበድለው አንድ ቆጣሪ የሚጋራውን ግቢ ነው። ንግግሩ የታወቀ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ምጣድ የለኝም። እንጀራ ከጉሊት ነው የምገዛው።»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ቢሉ እኮ ነው እንዲህ ሆኖ የመጣው። ለሦስት ስናካፍለው ይሄ ነው።»

አከራይዋ 130፣ ባለትዳሮቹ 80፣ እንጀራ የምትገዛው ወጣት 30 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። ድምሩ 240፣ በፈጠርነው ዋጋ 840 ብር ነው። እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 280። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው አከራይዋ 320፣ ባለትዳሮቹ 160፣ ወጣቷ 60 ይከፍሉ ነበር፤ ጠቅላላው 540 ብቻ ነው። 300 ብሩን ማንም አልበላውም። ሦስት ቤት እንደ አንድ ትልቅ ቤት ተቆጥሮ ወደ ውዱ ደረጃ ስለወጣ የተፈጠረ ነው። «አምፖል ይህን ያህል፣ ምጣድ ይህን ያህል» እያሉ ዕቃ ቆጥሮ ማስከፈልም ብዙ አያዋጣም፤ በሳምንት አንዴ የሚጋግርና በየቀኑ የሚጋግር እኩል ይሆናሉ። ለየቤቱ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ የምትገጠም ትንሽ ቆጣሪ ብታስገቡ 840ውን በ240 አካፍሎ 3 ብር ከ50 ሳንቲም በማውጣት በየፍጆታው ማባዛት ይቻላል፤ 455፣ 280 እና 105 ይመጣል። ወጣቷ አሁንም ለብቻዋ ብትሆን ከምትከፍለው በላይ ትከፍላለች። ባለትዳሮቹም ለውጡ አይታወቃቸውም። ወጣቷ ግን ቢያንስ የሌላ ሰው ምጣድ አታግልም።

ግምቱና ቢሉ ሳይገጥሙ ሲቀሩ

ግምትዎ ከቢሉ በመቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቢለይ መልካም ገምተዋል። ከዚያ በላይ ሲራራቅ መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው፤ በሁለት ንባብ መካከል 30 ቀን ላይኖር ይችላል፤ 38 ቀን ከሆነ ቢሉ በአንድ አራተኛ ቢያልፍ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ቀጥሎ ቢሉ ላይ ያለውን የአሁን ንባብ ከቆጣሪው ጋር ማስተያየት ነው። ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶበት በግምት ከሞላው፣ ወይም የሁለት ወሩ በአንድ ላይ ከመጣ፣ ፍጆታው ወደ ላይኛው ደረጃ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የቆጣሪውን ፊት ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ክርክሩን ያሳጥረዋል።

ንባቡም ቀኑም ትክክል ሆኖ ካልገጠመ፣ በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይንቀሉ፤ ፍሪጁንም፣ ሪሲቨሩንም። ቀይዋ መብራት መብለጭለጯን ካላቆመች የረሱት ነገር አለ፤ ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ፓምፕ፣ ከውጭ ያለ የአጥር መብራት፣ አንዳንዴም እርጥበት ገብቶበት ወደ መሬት የሚያፈስ ሽቦ። ቀጥለው ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። አሁን መብለጭለጯን ካቆመች ችግሩ በቤቱ የሽቦ ዝርጋታ ውስጥ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረደ ያገኘዋል። ብሬከሩ ወርዶም ከቀጠለች ደግሞ በቆጣሪውና በብሬከሩ መካከል ሌላ ሰው ተቀጥሏል፣ ወይም ቆጣሪው ራሱ ታሟል። ሁለቱም በቤት ውስጥ የሚፈቱ ስላልሆኑ ሽቦውን ሳይነኩ የቆጣሪ ፍተሻ እንዲደረግ በጽሑፍ ማመልከትና የማመልከቻውን ቁጥር መያዝ ነው።